የወርቂት ፊት

አገሬ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የፈለገችው የመውጫውን በር ነበር። በስተግራ፣ ከመጨረሻው የወንበር ረድፍ ኋላ አገኘችው። በሩ አጠገብ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠችና ማስኳን አፍንጫዋ ላይ አጠበቀች፤ ሻሿንም እስከ ቅንድቧ ሳበች። የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። መሮጥ ከመጣ ቦርሳ እየበረበረች መቆም አትፈልግም።

እሑድ ከሰዓት ነው። አሜሪካ፣ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ ለሠርግና ለልደት የሚከራየው ይህ አዳራሽ ዛሬ በሐበሻ ሞልቷል። መድረኩ ላይ የተዋናይት ዓለምጌጥ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ዙሪያውን ነጭ አበባ አለ። ዓለምጌጥ አዲስ አበባ ውስጥ ካረፈች ወር አልፏታል። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ ያሉ አድናቂዎቿ ሊያስቧትና የድሮ ፊልሟን አብረው ሊያዩ ነው የተሰበሰቡት።

አገሬም የመጣችው ለዓለምጌጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ዓለምጌጥን በእውነት የምታውቃት እሷ ብቻ ናት። ይህን ግን ማንም አያውቅም፤ እንዲያውቅም አትፈልግም።

ፊልም በቪዲዮ ካሴት በሚታይበት ዘመን ሁለቱ «የአበራሽ ዝምታ» የሚባል ፊልም ላይ አብረው ሠርተው ነበር። ዓለምጌጥ ባሏ ሞቶባት ከሐዘን ብዛት መናገር ያቆመችውን አበራሽን ሆና ተጫወተች። አገሬ ደግሞ የሟቹን እህት፣ ወርቂትን። ወርቂት አበራሽን ዕቃ ቤት ትቆልፍባታለች፤ ጨቅላ ልጇንም ነጥቃ ለማይታወቅ ሰው ትሰጣለች። ያየ ሁሉ ለአበራሽ አለቀሰ። ወርቂትን አምርሮ ጠላት፤ ጥላቻው ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ አላለቀም።

መጀመሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተተፋባት። ቀጥሎ የቤቷ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መዝነብ ጀመረ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጨርቅ ልትገዛ መርካቶ ወጥታ ሳለ፣ አንዲት ሴት «ወርቂት!» ብላ ጮኸች። አገሬ ፈገግ ብላ ዞር አለች። ወጣት ነበረች፤ አድናቂ መስላት ነበር። ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችም። ሰው ከበባት። «ልጁን የት አደረግሽው? ንገሪን!» ይሏታል። አንዱ የወረወረው ድንጋይ ቅንድቧን ሰነጠቀው። አንድ የታክሲ ረዳት ክንዷን ይዞ ጎትቶ ታክሲው ውስጥ ባያስገባት ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እስከ ዛሬ ታስበዋለች። ቃሏን የተቀበላት ፖሊስ ደግሞ ሳቅ ብሎ «አንቺም እኮ አበዛሽው» አላት።

ብዙም ሳትቆይ ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ወደ አሜሪካ መጣችና በዚያው ቀረች። አሁን ከአዳራሹ ብዙም በማይርቀው ዩለስ ውስጥ ከልጇ ከሐዳሳ ጋር ትኖራለች። ግሬፕቫይን ያለ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አብረዋት ያሉት የሜክሲኮና የኔፓል ሴቶች ናቸው፤ ሥራውን የወደደችውም ለዚሁ ነው። ሐበሻ ሱቅ አትገባም፤ በርበሬና ሽሮ የምትገዛላት ሐዳሳ ናት። ኮቪድ መጥቶ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲሸፍን፣ ከስንት ዘመን በኋላ መንገድ ላይ ቀና ብላ ሄደች። ሌላው ማስኩን ሲጥል እሷ ሳትጥል ቀረች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓለምጌጥ ስልክ መደወል አላቋረጠችም። «እኔን የወደዱኝ በአንቺ ነው» ትላት ነበር። «አንቺ ባትከፊ ማን ያለቅስልኝ ነበር?» እያለች ትስቃለች። አገሬም ትስቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን የበሩን መቆለፊያ ሄዳ ታያለች።

ዛሬ ጠዋት ሐዳሳ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ስትወጣ «ማሚ፣ ሰው ፎርጌት አድርጎታል» ብላት ነበር። «ማለቴ፣ ጀስት ሙቪ ነው። ሂጂና ጉድባይ በያት።»

አገሬ አጠገብ የተቀመጠው መዝገቡ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው፤ ትራክ ሾፌር እንደሆነ ሳትጠይቀው ነገራት። ደግ ሰው ይመስላል። ውኃ አቀበላት፣ ወንበሩንም ፈቀቅ አድርጎ ቦታ ሰጣት። በሌላ ጎኗ፣ ለዊልቸር ክፍት በተተወው ቦታ ላይ፣ ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት አሉ። የዝግጅቱ አስተባባሪ የሁስና እናት ናቸው፤ እማማ መስዑዳ ይሏቸዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ይንቀሳቀሳል።

ሁስና መድረክ ላይ ወጣች። ደሴ ያደገች፣ ድምፅዋ ሞቅ ያለ ሴት ናት።

«ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ተሰልፈን ነበር የምናያት» አለች። «እናቴ ከእኔ ብሳ አድናቂዋ ነበረች። አሁን ብዙ ነገር ትረሳለች፤ የእኔንም ስም ትረሳለች። ዓለምጌጥን ግን አልረሳቻትም። ሶ፣ ዛሬ ለእሷም ስል ነው ይሄን ያዘጋጀሁት።»

መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። ምስሉ ከካሴት የተገለበጠ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል። ዓለምጌጥ ጥቁር ለብሳ ብቅ ስትል አዳራሹ በሙሉ በረጅሙ ተነፈሰ። አገሬ ያንን ፊት አየች። እንዴት ወጣት ነበረች!

ከዚያ ወርቂት ወጣች፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ከፊት ወንበሮች «እሷ መጣች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ ረገመቻት፣ ሰው ሳቀ። መዝገቡ ወደ አገሬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ይቺን ሴትዮ በልጅነቴ በሕልሜ ነበር የማያት» አላት። «እጄ ብትገባ ኖሮ በሕይወት አትወጣም ነበር፤ እውነቴን ነው የምልሽ።»

አገሬ ራሷን ነቀነቀች። በሩን አየች። አሁን ብትነሣ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ከወንበሯ አልተነሣችም።

ወርቂት ዕቃ ቤቱን የምትቆልፍበት ቦታ ደረሰ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዓለምጌጥ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ታያለች። ካሜራው ያንን ዓይን ይዞ ይቆያል። አገሬ እንባዋን መመለስ አልቻለችም። ማስኩ ረጥቦ አፏ ላይ ተለጠፈ፤ ትንፋሽ አጠራት። በጨለማው ተማምና ወደ አገጯ አወረደችውና ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

በዚያው ቅጽበት የወርቂት ፊት ሸራውን ሞላው። ብርሃኑ አገሬ ላይ ወደቀ።

እማማ መስዑዳ ሸራውን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን አዙረው አገሬን አዩ። ተመልሰው ሸራውን አዩ። በዚያ ሽንቁር በበዛበት ልባቸው ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ያዘ። እጃቸው ተወርውሮ የአገሬን የእጅ አንጓ ጨበጠ፤ ያ ክሳት ያጠቃው እጅ እንደ ብረት ይይዛል።

«ወርቂት!» ብለው ጮኹ። «ልጁን የት አደረግሽው?»

ልክ የመርካቶው ቃል ነበር። አገሬ እጇን ለማስለቀቅ ታገለች፤ አልለቀቋትም። «እዚህ ናት! ያዟት! ልጁን የት አደረግሽው አንቺ ክፉ!» አንድ ሰው መብራቱን አበራው። ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። አገሬ ማስኳን ልታነሣ ሞከረች፤ ክሩ ተበጠሰ። ሻሿም ወርዶ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ተጋለጠ።

«እሷ ናት እንዴ?» አለ አንዱ።

«በአላህ! ራሷ ናት!»

ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ። መዝገቡ አፉን ከፍቶ ብድግ አለ፤ ቁመቱ ጣሪያ የሚነካ መሰላት። አገሬ አንጓዋን መንጭቃ አስለቀቀች፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

የፓርኪንጉ አስፋልት ይፋጃል። መኪናዋ ሩቅ ነበር። ከኋላዋ በሩ ሲከፈት፣ እግር ሲሮጥ፣ «ቁሚ! አንቺ ሴትዮ ቁሚ!» የሚል የወንድ ድምፅ ትሰማለች። ዞር ስትል መዝገቡ እየሮጠ ነው፤ በእጁ ጥቁር ነገር ይዟል። የቀረውም ሰው ይከተለዋል። ቁልፉን ኪሷ ውስጥ አገኘችው፣ ገባች፣ ቆለፈች። ሞተሩን ስታስነሣ ግን ከኋላም ከፊትም ሰው ቆሞ ነበር። ወደ የትም መንዳት አትችልም። ለልጇ ልትደውል ቦርሳዋን ፈለገች፤ የለም። ስልኳ እዚያ ውስጥ ነው።

መዝገቡ መስታወቱን በጡጫው መታ። አገሬ ጭንቅላቷን በክንዷ ሸፍና ተኮማተረች። ድንጋዩን ጠበቀች።

ድንጋይ አልመጣም። ከብዙ ድምፅ መካከል የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ እየጎላ መጣ። «ተመለሱ! ስልካችሁን አውርዱ! ሴትዮዋ እየተንቀጠቀጠች አይታያችሁም?» ሁስና ነበረች። ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ፣ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች። ሰው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ አለ። አገሬ በክንዷ ሥር አጮልቃ ስታይ፣ መዝገቡ የያዘው ጥቁር ነገር የራሷ ቦርሳ ነው። ሰውየው ያለቅሳል።

ሁስና ጎንበስ አለች። «እትዬ አገሬ? ስምዎ እሱ አይደለም? ከፊልሙ መጨረሻ ላይ አንብቤዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልን። እናቴ ታማሚ ናት፤ የምትለውን አታውቅም። ቦርሳዎን ብቻ እንስጥዎ።»

አገሬ መስታወቱን ቦርሳው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ዝቅ አደረገችው። ተቀበለችና መልሳ ልትዘጋው ስትል ሁስና በዝግታ ጠየቀቻት፤

«ዓለምጌጥን ያውቋታል ማለት ነው? እንዴት ያለች ነበረች?»

የአገሬ ሐሳብ መሄድ ብቻ ነበር። ግን ዓለምጌጥ ከሞተች ወዲህ ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«ጨለማ ትፈራ ነበር» አለች። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነው የወጣው። «ያ ዕቃ ቤት የእውነት ዕቃ ቤት ነው፤ መብራት የለውም። በሩ ሲቆለፍ ትንፋሿ ይቆማል። እኔ ቆልፌ እወጣና፣ ካሜራው ወደ ሌላ ሲዞር፣ መሬት ላይ ተኝቼ ጣቶቼን በበሩ ሥር አስገባላታለሁ። እሷ ከውስጥ ትይዛቸዋለች። ዳይሬክተሩ በቃ እስኪል አትለቃቸውም ነበር። ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር።»

መዝገቡ ትልልቅ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆት «እኔ እኮ... እዚያ ውስጥ ያልኩት...» አለ። አገሬ አላየችውም። መስታወቱን ዘጋች፤ ሰዎቹም መንገዱን ለቀቁላት። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በመስታወት ወደ ኋላ ታይ ነበር።

ማታ ሐዳሳ ከሥራ ስትገባ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ነበር። እናቷ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ መብራት ሳታበራ ተቀምጣለች። ሐዳሳ ኮሜንቶቹን አንድ በአንድ አነበበችላት። ብዙዎቹ ያዘኑላት ነበሩ። አንዳንዱ ግን የት እንደምትኖር ይጠይቃል፤ አንዱ «የእጇን አገኘች» ብሏል።

«ዶንት ዎሪ ማሚ፣ ሪፖርት አደርገዋለሁ» አለች ሐዳሳ። አገሬ ያን ሳምንት የመስኮቱን መጋረጃ አልከፈተችም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁስና ለሐዳሳ ደወለች። ቁጥሯን ከጓደኛ ጓደኛ አግኝታ ነው። የሁስና እናት ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እምቢ ብላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልጁ ትጠይቃለች። እነሱ ደኅና ነው ቢሏት አታምናቸውም። «እትዬ አገሬን መጠየቅ ያሳፍረኛል» አለች ሁስና፤ «ግን እናቴ ከእሳቸው ከራሳቸው አፍ ካልሰማች አታምንም።»

አገሬ አልሄድም አለች። ሐዳሳም አልገፋቻትም። በማግስቱ ግን አገሬ ማስክ ሳታደርግ ወጥታ መኪና ውስጥ ቁጭ አለችና «ንጂው» አለቻት።

ሁስና ቤት፣ እማማ መስዑዳ ሶፋ ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። አገሬን ሲያዩ ዓይናቸው ጠበበ። አገሬ ከበሩ አላለፈችም፤ መቀርቀሪያውን ከኋላዋ በእጇ ይዛለች።

«ልጁስ?» አሏት።

«ደኅና ነው፣ እማማ» አለች አገሬ። «ለእናቱ መልሼላታለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

አገሬ ይህን አላሰበችበትም። «ሂዩስተን» አለች። «አድጓል። አግብቷል።»

«ወለደ?»

«ሴት ልጅ።»

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። እጃቸው ጭናቸው ላይ መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ክፉ ነበርሽ» አሏት በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ።»

«በይ ቁጭ በይ፤ አትቁሚ።» ከዚያ ወደ ሁስና ዞረው፣ «ልጅቷ፣ የሚበላ አምጪልኝ፤ ለእሷም ጭምር» አሉ።

አገሬ መቀርቀሪያውን ለቀቀች። ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።