ፂምና ጭንብል

«መረረዎት?»

«ኧረ ምንም!» አሉ ጋሽ ፂሞ ከጋዝ መከላከያ ጭንብሉ ውስጥ።

የደህንነት መሐንዲሷ ግን ዐይናቸውን እያየች ነበር። ራሳቸው ላይ በደፋችው የላስቲክ ሽፋን ውስጥ የጭንብል መፈተኛውን መራራ ውሃ ስትረጭ፣ የሽማግሌው ዐይን ጭፍን ብሎ ጉሮሯቸው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። መሯቸዋል። ጭንብሉ አየር ያስገባል ማለት ነው፤ መራራውን ያስገባ ደግሞ ክሎሪኑንም ያስገባል። ነገ የክሎሪኑ ክፍል ተከፍቶ ሲጠገን ከፊት የሚገቡት እሳቸው ናቸው።

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታ ነው የዋለችው። የበረኪና ፋብሪካውን ሠራተኞች አንድ በአንድ ስትፈትን ልቧ ያለው በእሳቸው ተራ ላይ ነበር። ከኬሚካል ምህንድስና ተመርቃ፣ ዲግሪዋን ታቅፋ፣ ቫልቭ በየት በኩል እንደሚዘጋ እንኳ ሳታውቅ ስትመጣ እጇን ይዘው ያስተማሯት ጋሽ ፂሞ ናቸው። «ጋዝ ሲሸትሽ ከበሩ በፊት ነፋሱን ፈልጊ» ያሏትም እሳቸው። ዛሬ ልትጥላቸው ነው። አፈረች፤ ተናደደችም፣ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ጋሼ፣ ፂሙ ነው። ጭንብሉ ቆዳዎ ላይ አልገጠመም። ይላጩትና እንደገና ልፈትንዎት።»

«አልላጭም።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ጭንብሉን አውልቀው ወደ በሩ አዩ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ይሳሳቃሉ።

«ከሥሩ ያለውን ቆዳ አሲድ በልቶታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔ ጭንብል የሚባል ነገር የት ነበር! ልጆቼ እንኳ አያውቁትም። ሃያ ዓመት ደብቄው ኖሬ ዛሬ ልገለጥ?»

«እንግዲያው ነገ አይግቡ።»

«እኔ ካልገባሁ የፈረቃ መሪነቱ ለዚያ ለፍላፊ ምክትሌ ነው! ባጎረስኩ ተነከስኩ አሉ! ፈተናው ተፈታኙን ጠይቂ ነው የሚለው። ጠየቅሽ፣ መለስኩ። ጻፊ!»

እውነታቸውን ነው፤ ፈተናው የቆመው በሰው ቃል ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁም ለዚህ ነው «በፈተናው የዋሸ ይባረራል» ብሎ የለጠፈው። «አልፈዋል» ብላ ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም።

«ልጄ» አሉ፣ አሁን በልመና። «እኔ አንቺን አሳፍሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣ ጋሼ።» እንባዋ መጣ። «ግን ሬሳዎን ከማነሳ ቢቀየሙኝ ይሻለኛል።»

«አላለፈም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ፂምም፣ ውሸትም። እስክሪብቶዋ መስመሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌውም መስመሩን እያዩ ነው፤ ማስታወቂያውን አንብበውታል።

«ፂም» ብላ ጻፈች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወረቀቱን አዙራ እንዲፈርሙ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ፂሞ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ፈርመው ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸው እጀታው ላይ እንዳለ፣ ዞር ሳይሉ፣ «መሮኝ ነበር» አሉ።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለች። እስክሪብቶዋን ከደነችና ቀጣዩን ጠራች።