ርዕስ የሌለው ጾም

ቃ፣ ቃ፣ ቃ።

ሳንቲም በመስኮቱ ብረት ላይ። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላው ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ!» እያለ ይጣራል፤ ባፈና ግን ሦስት ጊዜ ይመታና ዝም ይላል። ከሰፈራችን ከቴምቢሳ ወደ ጆበርግ ከተማ የሚመላለስ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዳቦና ሁለት ፍሬ ሲጋራ ይገዛል። መዝጊያውን ስከፍትለት በፍርግርጉ መሃል አየኝና ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደ።

«ሄይ! ኡኩሉፔሌ፣ ማይ ፍሬንድ!» አለ እየሳቀ። ወፍረሃል ማለቱ ነው። «ትናንት በዚህ መስኮት ሙሉ ሰው ነበር የሚታየኝ፤ ዛሬ ሆድህ ብቻ ቀረ።»

በአገሬው ሰዎች ዘንድ እንዲህ ማለት ሙገሳ ነው፤ በእኛም ዘንድ ያው ነው። እኔ ግን ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ በጫማ ክር አስሬው ነበር። ሲጋራውን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ጣቶቼን ደግሞ ቶሎ ብዬ ሰበሰብኩ።

ጊዜው በፈረንጆች 2021 ጃንዋሪ ነው፤ ኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ የተነሣበት ወር። ሱቁን ከጋሼ ዱባለ ጋር በጋራ ይዘነው ነበር። ከዕቃው ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት አልጋና አንድ ምድጃ። እሱ የሆሳዕና ሰው ነው፣ እኔ የዱራሜ፤ እሱ በሀዲይኛ ያልማል፣ እኔ በከምባትኛ፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ጆበርግ ውስጥ ሜይፌር በሚባል ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን ሽማግሌ ነው። ከአገር ስመጣ «ይህ ልጅ የእኔ ነው» ብሎ በጉባኤው ፊት ያቆመኝ እሱ ነው። ባለቤቱን እትዬ በለጥሽን ካየ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ልትመጣ ጉዳይዋ ሁሉ ካለቀ በኋላ ድንበር ተዘጋና እዚያው ቀረች።

እኔ አራት ዓመት በድብቅ አጭሻለሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አጫሽ ነኝ ብሎ መናገር ሌባ ነኝ ከማለት አይተናነስም። ሲጋራ የሚሸጥ ሰው ግን መደበቂያ አያጣም፤ «ምን ይሸታል?» ሲሉኝ «ደንበኛ ነው» እላለሁ። ከቀትር በኋላ ጋሼ ዱባለ ጋደም ሲል ከሱቁ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ። አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው ዝቅ እያሉ በላያችን ያልፋሉ። አንድ ሲጋራ በሦስት አውሮፕላን ያልቃል። በእያንዳንዱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ምን ይዞ እንደመጣ እያሰብኩ አጨሳለሁ። ጓደኛ አልነበረኝም፤ የሚጎድለኝም አይመስለኝም ነበር።

በመጀመሪያው የኮሮና ወቅት መንግሥት ሲጋራ መሸጥ ከለከለ። መደርደሪያችን ባዶ ሆነ። ሌሎች በስውር ገዙ፤ እኔ ፈራሁ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ተነጫነጭኩ፣ ከዚያ አንድ ቀን ነቅቼ ሲጋራ ሳላስብ ዳቦ እየደረደርኩ ራሴን አገኘሁት። ክልከላው ከአምስት ወር በኋላ ሲነሣ ፓኮዎቹን በገዛ እጄ ደረደርኳቸው። አንዲትም አልነካሁም። በሕይወቴ ያሸነፍኩት ያንን ብቻ ነው፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

እጅ ግን ሥራ ይፈልጋል። አፍም እንደዚያው። ሳጥኗ ላይ ስቀመጥ ቺፕስ ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ብስኩት፣ ቀጥሎ የጣሳ ወተት በጣት። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ማግዊኛ ትጠብሳለች፤ የእኛን ቦምቦሊኖ ይመስላል፣ ዘይቱ ግን ይበዛል። ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ያ ዘይት ከመንገድ ማዶ ይሸተኝ ነበር። ድሮ የማይሸተኝ ነገር ሁሉ ይሸተኝ ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ ጋሼ ዱባለን የስኳር መድኃኒቱን ሊወስድ ወደ ክሊኒክ ሸኘሁት። ወረፋ ሲጠብቅ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ስልሳ ሁለት ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ ሰማንያ ሦስት። ነርሷ አየችኝና «ሲጋራ አቁመሃል እንዴ?» አለችኝ። እንዴት አወቀች! አዎ አልኳት፤ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የነገርኳት እሷን ነው።

«ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል» አለች። «ዋናውን ሥራ ሠርተሃል። አሁን ራስህን እንዳታስርብ። በሰዓቱ ብላ፣ ለስላሳውን ተው፣ ውሃ ጠጣ፣ በእግርህ ሂድ። ቀስ ብሎ ይስተካከላል።»

ቀስ ብሎ። እኔ ደግሞ በሐሳቤ ሁሉንም ነገር በአንድ ሌሊት የምጨርስ ሰው ነኝ። በሩ ላይ ጋሼ ዱባለ «ምን አለችህ?» ሲለኝ «ጤነኛ ነህ አለችኝ» አልኩት።

ቤት ደግሞ ማን ያስቀንሰኛል? የሚሠራው እሱ ነው። ፓስታውን በሥጋ ሠርቶ የእኔን ሳህን ይከምረዋል፤ አልበላም ማለት እሱን እንደ መግፋት ነው። ፎቶ አንስቶኝ ለእናቴ ልኮላት ነበር፤ «ልጅሽን እዪው፣ ጆበርግ ተስማምቶታል» ብሎ። እናቴ እልልታዋን በድምፅ ቀድታ ላከች። እሱ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አሰማኝ።

ባፈና በሆዴ የሳቀ ዕለት ጋሼ ዱባለ ቁርስ አቀረበ።

«ብላ እንጂ። ምን ታየዋለህ?»

«አልበላም ጋሼ። ጾም ጸሎት ይዣለሁ።»

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ጭልፋውን አስቀመጠ፤ ፊቱ በራ።

«ተባረክ! ስንት ቀን?»

«ሰባት።»

«የጸሎት ርዕስህስ?»

«የግል ነው።»

በእኛ ዘንድ «የግል ነው» ከተባለ በኋላ ማንም አይጠይቅም። ነገሩ በሰውዬውና በጌታ መካከል ነው። ጋሼ ዱባለም አልጠየቀም። ድስቱን ከድኖ ከምድጃው አወረደ።

«እንግዲህ ብቻህን አትጾምም» አለ።

«አይ ጋሼ! ስኳርህስ?»

«ስኳር ከጌታ ይበልጣል?» ሳቀ። «ክኒኔን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ፤ ሲስተሯ እንዳትቆጣኝ። ማታ ትንሽ እቀምሳለሁ። አብሮህ የሚኖር ሰው እየጾመ መብላት ምን ዓይነት ነገር ነው?»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ሆዴን ለማጉደል ነው ብል ያበቃ ነበር። ግን ለምን ወፈርክ ይለኛል፤ ለምን ወፈርክ ካለኝ ሲጋራው ይመጣል፤ ሲጋራው ከመጣ አራቱ ዓመት ይመጣል። ዝም ማለት ቀላል ነበር።

ሁለት ቀን ጾምኩ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጋሼ ዱባለ ዕቃ ሊያመጣ ወጣ። መንገዱን ተሻግሬ ስድስት ማግዊኛ ገዛሁና ከፍሪጁ ጀርባ ቆሜ በላሁ። ዘይቱ እስከ ክርኔ ወረደ። አፌን በሸሚዜ ጠርጌ ሳልጨርስ ሁለት ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እንዴት ነህ?» አለኝ። «በርታ!»

«በርትቻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተደብቄ በላሁ፤ ከወትሮው ይልቅ በላሁ። እሱ ግን አልበላም። ማታ ማታ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ሳህኑን ያርቃል፤ የቀረውን ለእኔ ይገፋል። የሱሪዬ ክር በአንዲት ጣት እንኳ አላጠረም።

በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ አመሻሽ፣ የኅብረቱ ጸሎት ነበር። አዳራሹ በኮሮና ስለተዘጋ የምንገናኘው በስልክ ነው። ስልኩን የስኳር ከረጢት ላይ አስደግፈን ተንበረከክን። የሚመራው ወንድም ኤልያብ ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ሃያ ሰው በሃያ ሱቅ ውስጥ «አሜን» ይላል።

ጋሼ ዱባለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ቃላቱ ተያያዙበት፤ አማርኛም ሀዲይኛም ያልሆነ ነገር ይል ጀመር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መንፈስ የነካው ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አይነካም፣ አይያዝም፣ ይጸለይለታል። «አሜን» አልኩ። ወንድም ኤልያብም በስልኩ ድምፁን ሰምቶ «ንካው ጌታ ሆይ! ጨምር!» አለ። እኔም ጨምር አልኩ። እንዲያውም ቀናሁበት። እውነተኛ ጿሚው እሱ ስለሆነ ነው የነካው ብዬ አሰብኩ።

«ማይ ፍሬንድ!» ባፈና በፍርግርጉ ግንባሩን ደግፎ ቆሟል። «ሽማግሌው ምን ሆኗል?»

«ይጸልያል።»

«የምን ይጸልያል! እናቴ ስኳር አለባት፤ ሲወርድባት እንዲህ ነው የምትሆነው። ጣፋጭ ስጠው! አሁን! አንተ ሰው፣ ምን ቆመህ ታያለህ?»

ያን ጊዜ ዙሪያዬን አየሁ። ከረሜላው፣ ብስኩቱ፣ የጣሳ ወተቱ፣ ሃምሳ ኪሎ ስኳር በጉልበቱ አጠገብ። ኮካ ከፍቼ አፉ ላይ አደረግሁ፤ ጥርሱ ገጥሞ ነበር፤ ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ። ባፈና «በሩን ክፈት!» እያለ ይጮኻል። ሁለታችን ተሸክመን ታክሲው ውስጥ አስተኛነው። ስልኩን ማንም አላስታወሰውም፤ ከሱቁ ስንወጣ ወንድም ኤልያብ አሁንም «ጨምር» ይል ነበር።

ሆስፒታሉ በኮሮና የተነሣ አስታማሚ አያስገባም። አራት ቀን በር ላይ ቆሜ የጋሼ ዱባለን ስም እየጠራሁ ዘበኛውን ጠየቅሁት። «በሕይወት አለ» ይለኛል፤ ሌላ ነገር አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ዱባለ ራሱ ደወለ።

«ሶፎንያስ» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ርዕሱን አውቄዋለሁ።»

አጥሩን ያዝኩ።

«ለበለጥሽ ነው አይደል? እንድትመጣልኝ። እኔ ራሴ መጾም ያቃተኝን አንተ ሳትነግረኝ ያዝክልኝ። የእናቴ ልጅ እንዲህ አላደረገልኝም።»

«ጋሼ፣ ዕረፍ እሺ። አትናገር» አልኩት። አይደለም አላልኩም።

በዚያው ቀን ማታ እትዬ በለጥሽ ከሆሳዕና ደወለች። በሕይወቴ አግኝቻት አላውቅም። «ወንድሜ፣ ጌታ ይክፈልህ» ብላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። በማግስቱ ወንድም ኤልያብ መልእክት ላከ፤ እሑድ በስልክ ጉባኤው ላይ ምስክርነት እንድሰጥ ስሜ ተይዟል። ቁራሽ ሳልቀምስ የዋልኩት ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ግን ጾም አላልኩትም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባፈና ይዞት መጣ። ጋሼ ዱባለ አጥንት ብቻ ሆኗል። አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ሾርባ ሠርቼ ሰጠሁት። ሁለት ማንኪያ እንደ ጠጣ፣

«ጋሼ፣ ጾሙ ለእትዬ በለጥሽ አልነበረም» አልኩ።

ፈገግ አለ። «ታዲያ ለማን ነበር?»

«ለማንም። ወፍሬ ነው። ለማጉደል ብዬ ነው።»

«ምንህን?»

«ሆዴን። ሲጋራ ሳቆም ወፈርኩ። አራት ዓመት አጭሼ ነበር፣ እዚህ ጀርባ። ደግሞ… በሦስተኛው ቀን በልቻለሁ። ሁልጊዜም እበላ ነበር። አንተ ስትጾም እኔ እበላ ነበር።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ አፉ ወሰደው። እስኪያልቅ ቀስ ብሎ ጠጣ፤ ሳህኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እኔ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር። በሐሳቤ አንዳንዴ በጥፊ ይመታኛል፣ አንዳንዴ አቅፎ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ «አራት ዓመት አጭሰህ እንዴት አቆምከው?» ብሎ ይገረምብኛል። ጨው የሚለው አልመጣልኝም ነበር።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ብርድ ልብሱን አጣጥፏል። መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ሁለት ሸሚዙና የክኒኑ ፖስታ በአንድ ቦርሳ ገብተዋል። ድስቱን አልነካም። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ነጭ መኪና ሱቁ ፊት ቆመች። ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው የጋሼ ዱባለ የአጎት ልጅ፣ ደመቀ ነው። ወርዶ ጨበጠኝ፤ ምንም እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ የት ነው?» አልኩ።

ጋሼ ዱባለ የክኒኑን ፖስታ ከቦርሳው አውጥቶ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እሑድ እኮ ነው። ጉባኤ አለ። ለኤልያብ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ለእትዬ በለጥሽም ዛሬውኑ እደውላለሁ» አልኩት።

የሱቁን ቁልፍ የዳቦ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«ስደበኝ እንኳ፣ ጋሼ።»

ጭምብሉን አደረገ፤ ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ ተሸፈነ። ደመቀ ቦርሳውን ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ አልሰጠውም፤ ራሱ ይዞት ገባና በሩን ዘጋ። ደመቀ በመስኮት እጁን አነሣልኝ። መኪናዋ የማግዊኛዋን ሴትዮ አልፋ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈች።