ከጎን የማይታይ ስልክ

ሳያት ሐዋሳ መሃል ከተማ ባለ አንድ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት። ቅዳሜ ሱቁን ሲዘጉ አለቃዋ ፊልሞን ገና የገባውን ስልክ ከካርቶኑ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «እስከ ሰኞ ተጠቀሚበት። ስላልሞከርሽው ዕቃ ለደንበኛ እንድታወሪ አልፈልግም» አላት። ስልኩ ቀጭን ሆኖ ከበድ ይላል፤ ካሜራው የሐይቁን ማዶ ጎትቶ ደጅ ያመጣዋል። ልቧን የወሰደው ግን ሌላ ነው። አንዲት ምልክት ሲነኩ ስክሪኑ ፊት ለፊት ላለ ሰው ብቻ ይበራል፤ ከጎን ለሚያይ ድፍን ጥቁር ነው።

ባጃጅ ውስጥ ለሦስት ተጣብቀው ለሚሄዱ የሐዋሳ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎረቤትን ቴሌግራም ማንበብ የጉዞው አካል ነውና፤ አንዳንዱማ አንብቦ ሳይጨርስ ገጹን ሲገፉበት ይከፋዋል።

ሳያት የምትሸሸው ግን የባጃጅ ተሳፋሪን አልነበረም፤ እናቷን ነው። ጡቷ ላይ ካገኘችው እብጠት ናሙና ተወስዶ፣ ነርሷ «እሁድ ተረኛ ነኝ፤ ውጤቱ ሲደርስ እጽፍልሻለሁ» ብላታለች። ታላቅ እህቷ ሰብለ በጡት ካንሰር ከሞተች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሰብለ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ስትመላለስ ከርማ፣ እናታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ የሰሙት ልጃቸው መቆም ካቃታት በኋላ ነበር። ይህን ሁለተኛ ከሰሙ አይተርፉም ብላ ሳያት ፈርታለች። ለራሷም ፈርታለች፤ እህል አልወርድ ካላት ቀናት ሆኗታል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታውኑ ሲም ካርዷን አዲሱ ስልክ ውስጥ ከትታ ያቺን ምልክት ነካች።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጋቢው የዕለቱን ምንባብ ሲጠራ ሳያት ስልኩን አወጣች። ወይዘሮ እታፈራሁ መነጽራቸውን ሁልጊዜ ቤት ይረሳሉ፤ ልጃቸው ፊደሉን አሳድጋላቸው ከስልኳ ላይ አብረው ማንበብ ለምደዋል። እንደ ልማዳቸው ትከሻዋ ላይ ደገፍ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። ምንም አይታይም።

ሳያት ምልክቷን ስትነካ ባጃጁን አስባለች፣ የቤታቸውን ሶፋ አስባለች፤ የእሁዱን ምንባብ ግን ረስታዋለች።

«ጠፋብሽ እንዴ?» አሉ እናቷ በሹክሹክታ።

«አይ፣ በርቷል።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ይጨልማል?»

ምልክቷን ልታጠፋ ጣቷን ስትሰድ ስልኩ ነዘረ። ከምንባቡ በላይ የነርሷ መልእክት ወረደ። «ሳያትዬ፣ ውጤትሽ ደርሷል። ዶክተሩ ነገ ጠዋት ሰው ይዘሽ ነይ ብሎሻል።»

ሰው ይዘሽ ነይ። ውጤቱ ደህና የሆነ ሰው ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል፤ ሰው ይዘህ ና የሚባለው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ሰብለንም እንዲሁ ብለዋት እንደነበር እሷም እናቷም ኋላ ሰምተዋል፤ ማንንም ሳትይዝ ነበር የሄደችው። ሳያት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ያነባል፤ ለእሷ ከዚያች መልእክት ሌላ አንድም ፊደል አይታያትም።

ወይዘሮ እታፈራሁ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አንስተው የልጃቸውን ፊት አዩ። ቆይተው አዩት።

«እኔ አይታየኝም» አሉ። «አንቺ ያለሽበትን አንብቢልኝ።»

መልእክቱን ገፋ አድርጋ ምንባቡን ልታነብላቸው ትችል ነበር። አፏንም ለዚያው ነበር የከፈተችው። ግን ዶክተሩ ፊት ብቻዋን የተቀመጠችው ሰብለ ትዝ አለቻት፤ እንደዚያ መቀመጥ እንደማትችልም አወቀች።

«ሰው ይዘሽ ነይ ይላል» አለች።

ወይዘሮ እታፈራሁ ወዴት ብለው አልጠየቁም፤ ለምን ብለውም አልጠየቁም። የልጃቸውን እጅ ከነስልኩ አጥብቀው ያዙት።

«በስንት ሰዓት ነው?» አሉ።