የማንም ያልሆነ ፊት

እርሳሱ ተቀርጾ፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ነበር የጠበቃት። ኡምሰልማ የድጋፍ ደብዳቤዋን ልትወስድ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እርሳሱን ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ የሥዕል እርሳስ ምን ይሠራል?

«ተቀመጪ፣ ጓድ» አላት የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ገብረጻድቅ። ከአብዮቱ በፊት እዚሁ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበር፤ ደረቱ ውስጥ የቀረው የጥጥ ብናኝ ዛሬም ያስለዋል። ማመልከቻዋን ብድግ አድርጎ በዝግታ አነበበ። «የሥነ ውበት ፍልስፍና። ሁለተኛ ዲግሪ። ሌኒንግራድ።» ቀና አለ። «ፍልስፍና ገባኝ። ሥዕልም ገባኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይሠሩለታል?»

ይህንን ጥያቄ ስንቱ መምህር ጠይቋታል! ግን ያኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሽጉጥ የታጠቀ አልነበረም።

«ሠዓሊ ያየውን ነው የሚስለው ወይስ የሚያውቀውን? እሱን ነው የማጠናው» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖባት።

«ጎሽ። እንግዲያው አይተሽዋልም፣ ታውቂዋለሽም። የጅብሪልን መልክ ሳዪልኝ።»

ከጅብሪል ጋር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አንድ ወንበር ተጋርተዋል፤ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ሆነው አጥንተዋል። ፀረ አብዮት ተብሎ ሲፈለግ ከተሰወረ ሁለት ወሩ ነው። እናቱ ያለ የሌለ ፎቶውን እሳት ውስጥ ከታዋለች፤ የሚፈልጉት አብዮት ጠባቂዎች ደግሞ ከሌላ ቀበሌ የመጡ፣ በመልክ የማያውቁት ናቸው።

መልኩን ረስቼዋለሁ ልትል አፏን ስትከፍት ገብረጻድቅ ከመሳቢያው ደብዳቤዋን አወጣ። ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ማክሰኞ ይነሳል። መጓዙስ ይቅር፣ ቀበሌው ደብዳቤ የከለከለው ሰው ስሙ የት መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር አቃቂ ውስጥ የማያውቅ የለም። ምን ይዋጣት?

እርሳሱን አነሳች። የጅብሪል ፊት ክብ ነው፤ እጇ ወደዚያ ክብ ሲያዘነብል ደንግጣ መለሰችው። የማንም ያልሆነ ፊት እሠራለሁ፣ አለች በልቧ። በጥናት ዕቅዷ ላይስ አእምሮ ያላየውን ፊት መፍጠር ይችላል ብላ ስድስት ገጽ ሙሉ የተከራከረችው ለዚህ ቀን አይደል? የጅብሪል ጉንጭ ሞላ ያለ ስለሆነ ይኼኛውን አጎደጎደችው። አገጩን አሾለችው። ቅንድቦቹን አገጣጠመች፤ ዓይኖቹን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ጆሮዎቹን ገንጠል አደረገቻቸው።

እየሳለች ስትሄድ ፍርሃቷ ለቀቃት። ይባስ ብሎ ደስ አላት! ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ሊናገር የቃጣው ይመስል ነበር፤ እሷም በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ የእጇ ሥራ ስላማረላት አፈረች።

ገብረጻድቅ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። «ወይ ጉድ! በሕይወት ያለ ሰው እኮ ነው» አለና ማኅተሙን ደብዳቤዋ ላይ መታ። ሥዕሉን በር ላይ ለቆሙት ጠባቂዎች ሰጣቸው፤ ወደ ባቡር ጣቢያው ይዘውት ወረዱ።

እሷ መዝገብ ቤት ሄዳ ደብዳቤዋ ቁጥር እስኪወጣለት አንድ ሰዓት ያህል ቆመች። ጅብሪል ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ፣ እያለች ለራሷ ትደጋግማለች። ከወረቀት ላይ የተነሳ ሰው ማንም ሊያገኘው አይችልማ! ጨርሳ ወደ ግቢው ስትወጣ ጠባቂዎቹ ከበሩ ሲገቡ አየቻቸው። መሃላቸው እጁን በገዛ የአንገት ልብሱ የታሰረ ሰው አለ።

አብዱሰመድ ነበር፤ ከሐዲዱ ዳር ሱቅ ያለው ስልጤ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ላምባ የገዛችው ከሱ ነው። አየችው። ጎድጓዳ ጉንጭ፣ ሹል አገጭ፣ የገጠመ ቅንድብ።

ወይኔ! ይህንን ፊት በየቀኑ ከባንኮኒው ማዶ አይታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ ሳታየው እጇ ለካ ሸምድዶታል። አንደኛው ጠባቂ ሥዕሉን ከጉንጩ አጠገብ ያዘና «ራሱ ነው» አለ።

«ኡምሰልማ!» አብዱሰመድ ሲያያት ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ! እህቴ፣ ጅብሪል ነህ ይሉኛል። አብዱሰመድ ነው፣ ባለሱቁ ነው በያቸው እንጂ!»

ከኋላዋ ሳል ሰማች። ገብረጻድቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሥዕሉን ተቀብሎ አየ፤ ሰውየውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «ማነው?» አላት።

አብዱሰመድ ነው ብትል ሥዕሏን ራሷ ውሸት አለችው ማለት ነው፤ ከጠባቂዎቹ መሃል የምትገባው እሷ ናት። ጅብሪል ነው ብትል ይህ ሰው ማታ ሱቁን ለመዝጋት አይመለስም።

አብዱሰመድ ግን አልተጨነቀም። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀው ስለመሰለው ፈገግ ብሎ፣ እንዲፈቱለት የታሰሩ እጆቹን ወደ ጠባቂው ዘረጋ።