ማርኬዚ ወይስ ማርኬቲ

ሰገነት አባቷን እስኪሞት ድረስ ጂንካ ቁጭ ብላ አስታማዋለች። ታናሽ እህቷ ውባንቺ ግን ገዘር ከተማ እያስተማረች በወር አንዴ በሚኒባስ ብቅ ብላ ትመለስ ነበር፤ ያም ሆኖ አባትየው አብልጦ የሚወደው ያቺን ነበር። ሰገነት ይህን ዛሬም አልረሳችውም።

ከቀብሩ በኋላ ውባንቺ የጣሊያናዊ አያታቸውን ዘመዶች መፈለግ ጀመረች፤ አያትየው መንገድ ሊሠራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነበር። ያስቸገራት ስሙ ነበር፤ አንዱ ወረቀት ማርኬዚ፣ ሌላው ማርኬቲ ይላል።

"እትዬ፣ የአያታችንን ስም አባባ እንዴት ነበር የሚጠራው?" ብላ ጠየቀቻት።

አባቷ ማርኬቲ እያለ ስንት ጊዜ ነግሯታል። ይህ እንኳ የእኔ ብቻ ይሁን አለች በልቧ። "ማርኬዚ ነው" አለቻት፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ።

ከአራት ወር በኋላ ውባንቺ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። ማርኬዚ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ለላከችው መልእክት ከጣሊያን መልሰውላት ኖሯል። ሴትዮዋ በቪዲዮው ላይ እያለቀሱ ስልካቸውን ይስማሉ፤ ውባንቺም ታለቅሳለች። በተሳሳተ ስም እንኳ የምትወደደው እህቷ ሆና ስታገኛት ሰገነት መቻል አቃታት።

"በ'ቲ' ነው!" ብላ ጮኸች። "ዘመድሽ አይደሉም! ዋሽቼሽ ነው!"

ውባንቺ ስልኩን ዘጋች። "ሲስሙ የነበረው የላክሁላቸውን ፎቶ ነው፤ ያንቺና የአባባን" አለች። "አባባን ያስታመመችው እህቴ ናት ብዬ ነው የላክሁት።"

ቦርሳዋን አንስታ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ሰገነት ስሟን እየጠራች እስከ መንገዱ ተከተለቻት፤ እህቷ ግን አልዞረችም።