የታጠፈችው አራት ፔኒ

ባሪ ኮቦልድ ሞርሳውን ሩብ ዙር አጠበቀና ትንፋሹን ያዘ። በሁለት ቁራጭ ቆዳ መሃል የተጨበጠችው የብር ሳንቲም ድምፅ አላሰማችም። ድምፅ ካሰማች አለቀላት ማለት ነው፤ አራት መቶ ሰባ ዓመት የኖረ ብር እንደ ደረቅ ብስኩት ነው የሚሰበረው።

"ቀጥል እንጂ!" አለው ጓደኛው ዴዝ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ እንደተቀመጠ። "በዚህ ፍጥነትህ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ስታድል የኖርከው?"

"ፖስታ አይሰነጠቅም።"

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ውጭ የእንግሊዟ የሰፎክ ገጠር ዝናብ የጓሮዋን ጎጆ ጣሪያ ይደበድባል። በመንደሩ አዳራሽ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ዓመታዊ ትርኢት የሚከፈተው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

በእኛ መንደር ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ ቲማቲም ይተክላል፣ ወይ ሚስቱን እግር በእግር ይከተላል። ባሪ ሁለቱንም አይተውም፤ ልቡ ያለው ግን አንዲት መሳቢያ ላይ ነው። ከዋልነት እንጨት ሁለት ክረምት ሙሉ ደክሞ በእጁ ሠርቷታል። አረንጓዴ ጨርቅ አልብሷት፣ አምስት ክብ ጉድጓዶች ፈልፍሎባታል፤ ለአምስቱ የቱዶር ሥርወ መንግሥት ነገሥታት አምስት ቤት መሆኑ ነው። ሳንቲሞቹ በመዶሻ እየተመቱ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱም በትክክል ክብ አይደለም። የባሪ ጉድጓዶች ግን በኮምፓስ የተለኩ ናቸው። ይህን ስንነግረው ይቆጣል።

ሰባተኛው ሄንሪ ዘውዱን ደፍቶ ቤቱ ገብቷል። ስምንተኛው ሄንሪ ከነድርብ አገጩ አለ፤ ሕፃኑ ኤድዋርድ አለ፤ ኤልሳቤጥም አንገቷ ላይ ያን ሁሉ ጥልፍ ከምራ ተቀምጣለች። አራተኛው ጉድጓድ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ኖረ። ንግሥት ሜሪ የነገሠችው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ሳንቲሞቿም ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸው ደግሞ ሚስቱ ሎርና ይቅር ከምትለው በላይ ነው።

ባለፈው መስከረም ዴዝ በብረት ማፈላለጊያው የገበሬውን የፌርዌዘርን ማሳ ሲያስስ አንዲት የሜሪ አራት ፔኒ ሳንቲም አገኘ። የንግሥቲቱ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል። ግን ሳንቲሟ ወገቧ ላይ እንደተከፈተ መጽሐፍ ታጥፋለች። ባሪ ከዴዝና ከባለማሳው ላይ በርካሽ ገዛት። እንዲህ ሆና ደግሞ ከጉድጓዱ አትገባም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ፐርቪስም የታወቀ አባባል አላቸው፦ "የተጎዳ ሳንቲም ቁልፍ ነው፤ ኮታችሁ ላይ ስፉት።"

ስለዚህ ባሪ ዛሬ ሞርሳ ላይ ነው። ከተቃናች መሳቢያው ይሞላል። ከተሰነጠቀች ሌላ ሜሪ በዕድሜው አያገኝም።

በሩ ተከፈተና ሎርና ሦስት ኩባያ ሻይና ብስኩት በትሪ ይዛ ገባች፤ ፀጉሯ በዝናብ ርሷል።

"ምስኪኗን ሴትዮ ምን እያደረጋችኋት ነው?"

"እያቃናናት ነው" አለ ባሪ ዞር ሳይል።

"ማን አጎበጣት? ማረሻ ነው?"

"ማረሻ ይጨመድዳል እንጂ እንዲህ አሳምሮ አያጥፍም" አለ ዴዝ። "ሆን ብለው ነው ያጠፏት። የስለት ናት።"

ባሪ ፊቱን አዙሮ ገላመጠው። ይህን ወሬ ካወቀ ወር አልፎታል፤ ለሎርና አንድ ቃል አልተነፈሰም።

"የምን ስለት?"

"በዚያ ዘመን ሰው ሲታመምባቸው" አለ ዴዝ ኩባያውን እየተቀበለ፣ "ሳንቲም በሕመምተኛው ራስ ላይ ይዘው ለቅዱሱ ይሳሉና ያጥፏታል። ከታጠፈች በኋላ ገበያ አትወጣም። የቅዱሱ ናት። ሰውየው ሲድን ቤተ ክርስቲያን ያስገቧታል።"

ሎርና የአፈር ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። "ታዲያ ዳነ?"

"ማን?"

"ሕመምተኛው ነዋ!"

"እኔ ሐኪሙ ነበርኩ እንዴ?"

"የት ነው ያገኘሃት?"

"ነገርኩሽ እኮ፣ ፌርዌዘር ማሳ ላይ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሁለት መቶ እርምጃ ብትርቅ ነው።"

"ይኸውላችሁ!" ሎርና ጭኗን መታች። "ስለቷን ልታስገባ እየሄደች ነበራ! ያልዳነ ሰው ስለት አያስገባም። ድኗል ማለት ነው። እሷ ደግሞ በደስታ ስትጣደፍ ጭቃው ውስጥ ጣለቻት።"

"እሷ ማን ናት?" አለ ባሪ።

"ሚስቱ ናት እንጂ ማን ትሆናለች? ወንድማ ስለቱን ገና ከመንገድ ይረሳዋል።"

ባሪ ወደ ሥራው ተመለሰ። እጁ ሞርሳው ላይ ነበር። ሎርና ሻይዋን ሁለት ጊዜ እፍ አለችበት።

"የዛሬ ሦስት ዓመት ደረትህን ሲከፍቱህ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔም ተስዬ ነበር።"

ባሪ አሁን ዞረ። "አንቺ? ቤተ ክርስቲያን ለገና ብቻ የምትሄጂው?"

"ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ሆኜ። 'ይህ ሰውዬ ከተረፈልኝ ሁለተኛ በሳንቲሞቹ አልቀልድበትም' አልኩ።"

ዴዝን ብስኩቱ አነቀው። ባሪ ጀርባውን እየደበደበለት ሚስቱን አፍጥጦ ያያታል።

"እና መቼ ነው ያከበርሽው?"

"እስከ ሐሙስ አክብሬዋለሁ።"

"እኔን የከፈቱኝ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"ሁለት ቀን ቀላል መሰለህ? ሐሙስ ዕለት ገና ዐይንህን በወጉ ሳትገልጥ ነርሷን 'ጉትቻሽ የስንተኛው ንጉሥ ብር ነው?' አልካት። ይሄን ቅዱስም አይችለውም!"

ሦስቱም ሳቁ። ባሪ ግን ሳቁ ቀድሞ አለቀበት። ዝናቡን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ጃንጥላ መያዝ የማትወደዋን ይህቺን ሴት አሰበ። ሞርሳው ሳንቲሟን ጨበጣት እንጂ ገና አልተጫናትም፤ ለማቃናት አንድ ዙር ብቻ ቀርቶታል።

ያን ዙር ወደ ኋላ አዞረው። ቆዳዎቹ ተላቀቁና ሳንቲሟ መዳፉ ላይ ወደቀች፤ ሳትሰነጠቅ፣ እንደታጠፈች።

"ምን ሆንክ?" አለ ዴዝ። "ልትጨርስ ስትል?"

"መሮውን አቀብለኝ።"

"ለምንህ?"

"ጉድጓዱን ላሰፋላት ነው።"

"ያንን መሳቢያ? ባለፈው በጣቴ ስነካው እንኳ የጮህክብኝን?"

"ወይዘሮ ፐርቪስ ቁልፍ ናት ይሉሃል" አለች ሎርና።

"ይበሉ። የማን ስለት እንደሆነች እነግራቸዋለሁ።" ባሪ መሳቢያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ፤ ጨርቁን በጥንቃቄ ገለጠ፤ መሮውን በኮምፓስ በተለካው በአራተኛው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ አሳረፈና መታው።

የመጀመሪያዋ ፍቅፋቂ በርራ የሎርና ሻይ ውስጥ ገባች። ሎርና አፏን ከፈተች። ባሏን አየች፤ የታጠፈችዋን ሳንቲም አየች። አፏን መልሳ ዘጋች።

ዴዝ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አንገቱን አሰገገ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው። እስከ ሰኞ ሳትቀልጂ ትችያለሽ?"

ሎርና ፍቅፋቂዋን በጣቷ አወጣችና ሻይዋን ጠጣች።