የእትዬ ሀረገወይን ወንበር

እትዬ ሀረገወይን ባላቸው ጋሽ ወልደማርያም ሲነዱ መኪና ውስጥ አፋቸው እንደማይዘጋ ፍራንክፈርት ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል። «ወልዴ፣ ቀይ ነው። ወልዴ፣ ብስክሌት መጣብህ። ኧረ ቀስ በል፣ ሰው እየተሻገረ ነው!» ከሠፈራችን ከቦናመስ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንዲሁ ነው። እኛ የኋላ ተሳፋሪዎች በነጠላችን አፋችንን ሸፍነን እንስቃለን። አንድ ጊዜማ እኔው ራሴ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መሪውን ይይዛሉ እንጂ የሚነዱትስ እሳቸው ናቸው» ብዬ መኪና ሙሉ ሰው አስቄያለሁ።

እኔ አረጋሽ እባላለሁ። እዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ትራም ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰው አነዳድ መታዘብ የማይለቀኝ አመል ነው፤ አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ ሾፌሩን በልቤ ስገሥጽ ነው የምደርሰው። ይህን ያነሣሁት ለጉራ አይደለም። ይህን የመሰለ ዓይን ይዤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋሽ ወልደማርያም ኋላ ተቀምጬ ስሄድ ምንም አለማየቴ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ወዳጃችን ተኽኣ ዐርፎ ፌኸንሃይም የሚባል ሠፈር ለቅሶ ደርሰን መመለሳችን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ወልደማርያም ካፖርታቸውን ለብሰው ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ተነሡ። ባለቤታቸው ግን አልተነሡም። የተኽኣ ሚስት ቅሳነት እጃቸውን ይዛ አልለቅ ብላለች።

«እኔ ከሷ ጋር ላድር ነው» አሉ እትዬ ሀረገወይን። ከዚያ በር ድረስ ተከትለውኝ ወጡና ክንዴን ጨብጠው፣ «አንቺ ከፊት ተቀመጪ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ዝም እንዳትይ» አሉኝ። ሌላም ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

አብራን የመጣችው ልጄ ኢየሩስ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይጸኑላት ቀርተዋል፤ ይሄኛው እንግዲህ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ደረጃ ስትወርድ ሳይቀር ትንፋሼን ይዤ ነው የማያት። ጆሮዬ ስር ተጠግታ «ማማ፣ በትራም ብንሄድስ?» አለችኝ።

«ነውር ነው» አልኳት።

ነውር የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ባዶ እጄን ባቡር ጣቢያ ስወርድ የተቀበሉኝ ጋሽ ወልደማርያም ናቸው። የጥገኝነት ቃሌን የተረጎሙልኝ እሳቸው፣ የትራም ፈተና ስቀመጥ ከሥራ መልስ ያስጠኑኝ እሳቸው፣ ሠርጌ ላይ በአባቴ ቦታ የቆሙት እሳቸው። መሐንዲስ ነበሩ፤ የቅድሚያ ሕግን ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በክብሪት ቀፎ መኪና እየሠሩ ነው ያስተማሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው «ላድርሳችሁ» ሲል እምቢ ይባላል? እኔ አልቻልኩም።

ከቆሙበት ሲወጡ እንከን አልነበራቸውም። ፍሬቻ አበሩ፣ ወደ ኋላ ተገላምጠው አዩ፣ መስመራቸውን ያዙ። ስለ ተኽኣ ነገር እያወሩኝ፣ «እኔ እኮ ከሱ በሦስት ዓመት እበልጣለሁ» አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ትንሽ እንደሄድን አንዲት ሴት ከረጢቷን አንጠልጥላ ዜብራው ላይ ወጣች። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ...»

ፍሬኑን ረገጡት። ሴትዮዋ ቆም ብላ ገላመጠችንና አለፈች። «አይቻታለሁ» አሉ። እኔም አመንኳቸው፤ ማመን ይቀላላ።

ቀጥሎ መብራት ነበር፤ ከሩቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጋሽ ወልደማርያም አሁንም ስለ ተኽኣ እያወሩ ነው። ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን እየፈለገ የመኪናውን ወለል ረገጠ። አሁን ይይዛሉ፣ አሁን ይይዛሉ እያልኩ ጠበቅኩ። ከፊታችን የቆመችው ነጭ መኪና ታርጋዋ ሊነበብ ደረሰ።

«ቀይ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

በቃሌ ቆሙ። ለምን እንደጮህኩ አልጠየቁኝም፤ ቀና ብለው መብራቱን እንኳ አላዩም። ቃሌን ሲጠብቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ሀረገወይን ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዙ አልነበረም። እኛም ከኋላ ሆነን የሳቅነው የሰው ነፍስ በሚያተርፍ ቃል ላይ ነው።

ኢየሩስ ስትደነግጥ የሚቀናት ጀርመንኛው ነው። «ማማ፣ ኤር ዚት ኒሽትስ» አለች ከኋላ። ምንም አያዩም ማለቷ ነው። ጋሽ ወልደማርያም ጀርመንኛ ከሁላችንም ይልቅ ያውቃሉ። ሰምተዋታል፤ ጆሯቸው ቀልቶ አየሁት።

«አረንጓዴ» አልኩ። ነዱ።

«ከፊት አውቶቡስ አለ። በቀኝ ብስክሌት። ነጩ መኪና ሊታጠፍ ነው።» የእትዬ ሀረገወይን ቃል ከእኔ አፍ ይወጣ ጀመር። ጋሽ ወልደማርያም አንዴም «ምን አገባሽ» አላሉኝም፤ ባልኩት ሁሉ ይሄዳሉ። አፍሬም ፈርቼም ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ አውቶባን ላይ እንወጣለን፤ እዚያ ደግሞ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማን ቃል ያደርሳል? ከኋላዬ ኢየሩስ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። አውቶባኑ ሳይደርስ ማስቆም አለብኝ።

ግን ምን ብዬ? «ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ብንልስ?» እሱ አያስኬድም። «ጋሼ፣ ኢየሩስን አመማት» ልበል? በልጅ ሆድማ አይዋሽም። «እኔ ልንዳልዎ፣ እጄን ላፍታታ» ብልስ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ የማያስቀይም ቃል ስመርጥ መናገሬን ተውኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ ልቤ ግን ቃል ፍለጋ ሄዷል።

ከፊታችን ትራም ቆሞ በሩን ከፈተ። እዚያ ሠፈር ትራም የሚቆመው መሀል መንገድ ላይ ነው፤ ሰው የሚወርደው መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በመስታወት ስጠብቅ የኖርኩት ይህንን ነበር፦ በሩ ተከፍቶ ሳለ የማይቆም መኪና። አሁን እኔ እንዲያ ያለ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ።

«ሃልት! ይቁሙ!» ብላ የጮኸችው ኢየሩስ ናት።

ፍሬኑ ጮኸ፤ ቀበቶው ደረቴን ቆረጠኝ። ባለጎማ መደገፊያ የሚገፉ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ኮፈናችን ላይ አንድ እጃቸውን ጭነው ቆመዋል። አልተነኩም። መኪናውን አዩት፣ እኛን አዩን፤ ምንም ሳይናገሩ መደገፊያቸውን እየገፉ ወደ ጠርዙ ወጡ። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

«ዳር ይያዙ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ዳር ያዙ። ጠርዙን አንድ ስንዝር እንኳ ሳይስቱ ነው የቆሙት።

ልጄን ደግፌ አወረድኳት፤ አንድ ደጃፍ ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት። ሆዷን እየዳበሰች «እየተንቀሳቀሰ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ። ተመልሼ በሾፌሩ በኩል ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ዓይንዎ አያይም።»

በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። መስታወቱን ዝቅ አድርገው ወደ ፊት እያዩ፣ «አምሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ ሰው ነክቼ አላውቅም» አሉ። «የመኪና መንጃ ፉረርሻይኔም የዕድሜ ልክ ነው። ለዓይኑ ደግሞ በኖቬምበር ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ተይዞልኛል።»

«ከኖቬምበር በፊት ዛሬ አለ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እናንተ በትራም ሂዱ። እኔ ቤቴን አውቀዋለሁ።»

መስታወቱን ዘጉት፤ ሞተሩ ተነሣ። እኔ ልጄን አተርፋለሁ ብዬ ስናገር ብቻቸውን፣ ያለ ማንም ቃል ሊሄዱ ነው። ከፊት አሁንም ሰው ይሻገራል፤ አንዲት እናት የልጅ ጋሪ እየገፋች ነው። ሮጬ መኪናው ፊት ቆምኩና ሁለት ክንዴን ዘረጋሁ። ከኮፈኑ እስከ እኔ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቀኑም ብርሃን ነው። ጋሽ ወልደማርያም ፊታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እኔ አዩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የማውቀው ፊት፣ ሠርጌ ላይ ያለቀሰልኝ ፊት፣ እያየኝ አላየኝም።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ! እኔ ነኝ!» ኮፈኑን በመዳፌ መታሁት።

ቆመ። መስታወቱ ቀስ ብሎ ወረደ። «አረጋሽ፣» አሉ፣ «የት ነሽ?»

«ፊትዎ ነኝ፣ ጋሼ። ፊትዎ ቆሜያለሁ።»

አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ከዚያ ወደ ግራ። በዓይናቸው ዳር ፈልገው አገኙኝ። ሞተሩን አጠፉት። ወደ በሩ ስሄድ እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ነበር።

«መሀሉ ጠፍቷል» አሉኝ። «ዳር ዳሩን አያለሁ፤ መስመሩን፣ የመንገዱን ጠርዝ አያለሁ። መሀል ላይ ያለው ሰው ነው የሌለው።»

«ለእትዬ ሀረገወይን መቼ ነው የነገሯቸው?»

«ነግሬያት አላውቅም። አንድ ቀን ‹ቀይ ነው› አለችኝ፤ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ስትነግረኝ ኖረች። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።» ቁልፉን ነቅለው በመስታወቱ በኩል ዘረጉልኝ። እጃቸው የኔን እጅ ትንሽ ስቶ ነበር፤ እኔው ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

ወርደው ኢየሩስ አጠገብ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ» አሏት። ኢየሩስ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። ከዚያ ስልኬን ጠየቁኝና ቁጥሩን መትቼ ሰጠኋቸው። «ሀረግ፣ እኔ ነኝ፤ ደህና ነን» አሉ። «አልነዳም ከእንግዲህ። ታውቂያለሽ አይደል፣ አላይም።»

ከወዲያ በኩል እትዬ ሀረገወይን ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ተሰማኝ። በኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ቤቱ የለቅሶ ቤት ስለሆነ ምን ሆንሽ ያላቸው ሰው አልነበረም።